ባዶ ነው ብዬ ያስተማርኩት ቦታ

እኔ እንደዚህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ስልኬን አውጥቼ የምነካካ ሰው ነኝ። እናቴ «ቤቱ ከብዶኛል» ብላ ጠበል ስትረጭ፣ ሶኬቱ እንዳይርስ በፌስታል የምሸፍን ልጅ ነበርኩ፣ ዛሬም ቢሆን አምናለሁ አላልኩም፣ ያየሁትን ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ። ስራዬ ለፋብሪካ ሴንሰር መምረጥ ነው። ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ውስጥ አንዲት ጠባብ ቢሮ አለችን፣ ማሽናቸው ራሱ አይቶ ራሱ እንዲቆም የሚፈልጉ ይጠሩናል፣ እኔ ሄጄ አቧራውንና ሙቀቱን አይቼ «እዚህ የብርሃን ይሁን፣ እዚያ የድምፅ» ብዬ እወስናለሁ። ሴንሰር ሐሜት አይሰማም፣ አይፈራም፣ ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም ይላል፣ ለዚህ ነው ከብዙ ሰው ይልቅ የማምነው።

ዓቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን አቶ ጥላሁን የሚባል ያገራችን ሰው ደወለልኝ። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ ሽሮና በርበሬ የሚያዘጋጅ ወፍጮ አለው፣ ጾም ሲገባ ደግሞ የሐበሻ ምግብ ቤቱ ሁሉ ሽሮ ሽሮ ይለዋል። የሚደባልቅበት ሚክሰር በጎኑ የተኛ ትልቅ የብረት በርሜል ነው፣ ሰው በበሩ ጎንበስ ብሎ ገብቶ ውስጡ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ዱቄቱ ግድግዳው ላይ ሲጋገር ዋንጂኩ የምትባል ሰራተኛ ገብታ ትፍቀዋለች። የተጠራሁት ለእሷ ነው ማለት ይቻላል፤ ውስጥ ሰው ካለ ማስነሻ ቁልፉ ቢጫንም ሚክሰሩ እንዳይነሳ የሚያደርግ ሴንሰር እንድመርጥ። ይሄ ነገር ዛሬ ለምን ትዝ አላቸው ብዬ አልጠየቅኩም፣ መጠየቅ ነበረብኝ።

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከምኖርበት ከካሳራኒ ሄድኩ፣ ፀሐዩ ጠራራ ነው፣ ወፍጮው ቆሟል። የጠበቁኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ዋንጂኩና ቁልፉን የሚጫኑት ጋሼ ለማ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሽማግሌ። መጀመሪያ በብርሃን የሚለካውን ከበሩ በላይ አሰርኩትና ወደ ውስጥ አዞርኩት። ከበሩ እስከ ጀርባው ግድግዳ በሜትር ለክቼዋለሁ፣ ሦስት ሜትር ነው፣ ሴንሰሩ ግን ሁለት መቶ አርባ ሴንቲሜትር ላይ አንድ ነገር አለ አለኝ። የሽሮ ብናኝ ነው ብዬ መስታወቱን ጠራረግኩ፣ አሁንም ሁለት መቶ አርባ። ባትሪ አብርቼ አንገቴን አስገባሁ፣ ባዶ ነው፣ ወለሉ ላይ የተኛው ስስ ዱቄት ጭረት እንኳ የለበትም። በድምፅ የሚለካውን ከጎኑ አሰርኩ፣ እሱም ሁለት መቶ አርባ።

ሦስተኛውን ሴንሰር፣ ራዳሩን፣ መኪና ውስጥ ረስቼው ነበር፣ «መጣሁ፣ ጋሼ» ብዬ ዘወር ስል የዋንጂኩ መጥረጊያ ከእጇ ወደቀ። ጋሼ ለማ መሰላሉን እንደያዙ ቀሩ። ምን አጠፋሁ እያልኩ ራዳሩን ላመጣ ሄድኩ። ስመለስ ጋሼ ለማ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል፣ የሁለቱም ሴንሰር ቁጥር መቶ ሰማንያ ገብቷል፣ ማንም ምንም አልነካም፣ እመኑኝ፣ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው የፈተሽኩት።

«እዚህ ቤት እንደሱ አይባልም፣ ልጄ» አሉ ጋሼ ለማ።

«ምን አልኩ?»

«ሲኩ ሂዚ፣ ዛሬ ዛሬ፣ ናኩጃ እንኳ አንልም፣ ዳዳ» አለች ዋንጂኩ፤ ዳዳ እህቴ ማለቷ ነው፣ አማርኛውን እዚያው ወፍጮ ቤት የለመደች ናት፣ በእነሱም ስዋሂሊ «ናኩጃ» እየመጣሁ ነው እየተባለ የሚኬድበት ቃል ነው።

ከዚያ ጋሼ ለማ ነገሩኝ። አምና ሚክሰሩን የሚፍቀው ደምሴ የሚባል የጎጃም ልጅ ነበር። ጋሼ ለማ ከግድግዳው ወዲያ፣ ቁልፉ ጋ ሆነው «ደምሴ፣ ጨረስክ?» ብለው ተጣሩ፣ እሱም «መጣሁ» አለ። እንግዲህ የኛ ነገር ታውቁታላችሁ፣ ተጠርተን ስንመጣም መጣሁ ነው፣ ትተን ስንሄድም መጣሁ ነው። ጋሼ ለማ ወጣሁ፣ ወደ እርስዎ እየመጣሁ ነው ያለ መሰላቸው። ልጁ ግን መፋቂያውን ረስቶ ተመልሶ እየገባ ነበር፣ አንድ አፍታ ጠብቁኝ ማለቱ ነው። ጋሼ ለማ ቁልፉን ተጫኑት።

አፌን በቆረጠው አልኩ። ከዚያ ራዳሩን ማሰር ጀመርኩ። ራዳሩም መቶ ሰማንያ አለ። አስቡት፣ አንዱ በብርሃን ያያል፣ አንዱ በድምፅ፣ አንዱ በሬዲዮ ሞገድ፣ ሦስት ውሸታም አንድ ዓይነት ውሸት አይዋሽም። ያኔ ነው ከውስጥ የሰማሁት፣ ቀስ ያለ፣ ብረት ብረት ላይ ሲሄድ፣ ክርር፣ ክርር፣ ደግሞ ዝም። ዋንጂኩን አየኋት፣ ከጎኔ ቆማለች፣ መፋቂያዋም እጇ ላይ ነው። ቁጥሩ መቶ ሰባ አምስት ሆነ።

ጋሼ ለማ ከጆንያው ተነስተው ወደ በሩ ጎንበስ አሉና፣ «ሰምቼሃለሁ፣ ደምሴ። አልጫነውም፣ በቀስታ ና» አሉት። ቁጥሩ ቆመ። ፈራሁ፣ በጠራራ ፀሐይ ፈራሁ።

አቶ ጥላሁን አመሻሹ ላይ መጣ። ቁልፉን ቢጫን ሚክሰሩ አልነሳ አለ፣ ሴንሰሩ ሰው አለ ይላላ።

«ሌላ ምረጪ» አለኝ።

«ሦስቱም ያው ናቸው፣ አቶ ጥላሁን።»

«እንግዲያው ሴንሰሩን አስተምሪዋ። ሰኞ ካልፈጨሁ ጾሙ አመለጠኝ ማለት ነው።»

ማስተማር የሚባል ነገር አለ፤ ሴንሰሩ ፊት የማይነሳ ምሰሶ ካለ «ይሄ ሁሌም ያለ ነው፣ አትቁጠረው» ተብሎ በአንድ ቁልፍ ይነገረዋል፣ ከዚያ በኋላ እዚያ ቦታ ላይም ሆነ ከዚያ ወዲያ የቆመውን፣ ምሰሶም ይሁን ሰው፣ አያይም። ይሄን ከማንም በላይ አውቃለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ራዳሩን መረጥኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣ ባዶ ነው አልኩት፣ ሚክሰሩ ተነሳ፣ ወረቀቱ ላይም ፈረምኩ። ጋሼ ለማ ጓንታቸውን አውልቀው ጆንያው ላይ አስቀመጡና ወጡ፣ ከዚያ ወዲህ ወፍጮው ደጃፍ አልደረሱም።

ሐሙስ ተደወለልኝ፣ ቆሟል። ሄድኩ፣ መቶ ሰላሳ ይላል፣ ካስተማርኩት ቦታ ወዲህ ቀርቧል። አስተማርኩት። በሳምንቱ ዘጠና፣ እሱንም አስተማርኩት። ለምን እንዳትሉኝ፣ አንዴ የፈረመ እጅ ሁለተኛው ይቀለዋል፣ ወረቀቱ የኔ ነው፣ ዋሸሁ ብዬ ማን ፊት እቆማለሁ። ያን ዕለት ዋንጂኩን ወደ ጥግ ወስጄ እውነቱን ነገርኳት፤ ሴንሰሩ ቢኖርም ከበሩ አንድ ሜትር አልፈሽ ከገባሽ አያይሽም፣ አትግቢ አልኳት።

ፈገግ አለች። «ዳዳ፣ ታዲያ ማን ይፍቀዋል?»

ዛሬ ጠዋት አቶ ጥላሁን ሁለት ጊዜ ደወለ፣ አላነሳሁም፣ መልእክት ላከልኝ፤ አርባ ይላል፣ ነይና አስተምሪው። አርባ ማለት በሩ ደፍ ላይ ማለት ነው። እሱን ካስተማርኩት ሚክሰሩ ውስጥ ሴንሰሩ የሚያየው ምንም አይቀርም፣ ሰው ቢሞላው ባዶ ነው ይላል። ካላስተማርኩት ደግሞ ሌላ ሰው ይጠራል፣ መጫን ለማንም አይከብድም፣ ያውም ባዶ በርሜል ፊት ለፊቱ እያየ። ለፖሊስ ልናገር አልኩና ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ይሄን ስጽፍ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ዛሬ የመፋቁ ተረኛ ዋንጂኩ ናት።