ሁለቱ የሠርግ ካሴቶች

ተረት ነው የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበል። እኔ የማወራችሁ የሆነውን ነው...

ጋምቤላ፣ 1991 ዓ.ም፣ ጥቅምት ውስጥ። ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም። ሌሊት ቢሆንማ ቅዠት ነው ብዬ እኔም በተገላገልኩ።

መምህር ረታን ከተማው ያውቀዋል። በሥራ ቀን ሒሳብ ያስተምራል፣ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ይቀርጻል። ያን ቀን ክፍለ ጊዜውን ጨርሶ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

አባንግ ነበረች። የኦሉም ሚስት።

ኦሉም ድሮ የረታ የማታ ተማሪ ነበር፤ በኋላ ሁለተኛ ካሜራማኑ ሆነ። እሑድ ዕለት ሙሽሮችን ባሮ ዳር ሲቀርጹ ቆይተው... ጠፋ። ጀልባ ወጣ፣ ዋናተኛ ገባ፣ ሦስት ቀን ተፈለገ። የለም። ካሜራው ብቻ ዳር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ጠብታ ውሃ አልነካውም።

አዞ ነው አሉ። አባንግ አልዋጥላት አለ። እውነቷን እኮ ነው፤ አዞ መጀመሪያ ካሜራህን አስቀምጥ ይላል እንዴ?

ካሜራውን በጨርቅ ጠቅልላ ታቅፋው ነበር። ካሴቱን አውጥታ ሰጠችው።

"መምህር፣ ይሄ የሱ ነው። ካንተ ካሴት ጋር አንድ ላይ አድርገው። የት ሄደ... ልይ።"

ረታ ካሴቱን ተቀበላት። ግን ፈራ።

እሑድ ዕለት "ውሃው ውስጥ ግባና ከታች አንሳቸው፣ ሙሽራዋ ረዘም ብላ ትታይ" ያለው እሱ ነው። ኦሉም ወንዙን ያውቃል፤ "መምህር፣ እዚህ ጋ አይገባም" ብሎት ነበር። "አንዴ ብቻ" አለው። ኦሉም እሺ ብሎ ገባ። ረታ ግን ለፖሊስም ለአባንግም "ራሱ ነው የገባው" ብሎ ዋሽቷል።

ውሸቱን የሚያጋልጠው ንግግር ግን የኦሉም ካሴት ውስጥ አለ።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ቀረጻ ሲጀመር ረታ ለሁለቱም ካሜራ አንዴ ያጨበጭባል። በኋላ ሁለቱን ካሴት ሁለት ማጫወቻ ዴክ ውስጥ ከቶ ጭብጨባውን ያገጣጥመዋል። ከዚያ ግራው ቴሌቪዥን ላይ እሱ ያነሳው፣ ቀኙ ላይ ኦሉም ያነሳው፣ እኩል ይሄዳል።

ረታ የኦሉምን ካሴት ድምፅ ዘጋው። "ድምፁ ተበላሽቷል" አላት።

ጭብጨባው ገጠመ። ሙሽራዋ በሁለቱም ቴሌቪዥን እኩል ሳቀች።

በግራ፣ ኦሉም ካሜራውን ትከሻው ላይ አድርጎ ውሃው ውስጥ ገባ። በቀኝ፣ ረታ ዳር ቆሞ በእጁ ዝቅ በል የሚል ምልክት ያሳያል።

"ምን እያልከው ነው?" አለች በሹክሹክታ።

"ምንም... ወደ ጎን በል እያልኩት።"

በቀኝ ያለው ረታ ካሜራውን ከኦሉም ላይ አንስቶ ወደ ሙሽሮቹ አዞረ። እንዳዞረ ራሱም ያስታውሳል።

በግራ ያለው ምስል ግን አልዞረም... ኦሉም ላይ ተተክሎ ቀረ።

ውሃው የኦሉም ወገብ ደረሰ። ደረቱ ደረሰ።

"ለምን አይመለስም?" አለች አባንግ።

ረታ የቀኙን ቴሌቪዥን የድምፅ ቁልፍ በእጁ ሸፈነ።

"መምህር... ድምፁን ክፈት።"

"ተበላሽቷል አልኩሽ እኮ..."

እጇን ሰዳ ራሷ ከፈተችው።

ውሃ... ትንፋሽ... ከዚያ ኦሉም፣ ቀስ ብሎ፦ "መምህር፣ በቃ?"

ሌላ ድምፅ መለሰለት። ቅርብ ነው፣ ጆሮው ሥር።

"ገና ነው... ትንሽ ግባ።"

የረታ ድምፅ ነበር።

በቀኝ፣ ረታ እዚያ ሩቅ ዳር ላይ አፉን ዘግቶ ሙሽሮቹን ይቀርጻል። በግራ፣ ኦሉም አጠገብ ማንም የለም።

"በቃ?"

"ገና ነው።"

ውሃው አንገቱ ደረሰ።

ረታ ወደ አባንግ ዞረ። "ግባ ያልኩት እኔ ነኝ... ዋሽቼሻለሁ። ግን አንዴ ነው ያልኩት፣ አባንግ። ይሄ እኔ አይደለሁም። በማርያም፣ እኔ አይደለሁም።"

አባንግ አላለቀሰችም። "አንዴ አይደለም" አለችው። "አሁንም እያልከው ነው።"

ኦሉም አልሰጠመም። አንገቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ካሜራውን በሁለት እጁ ሽቅብ ይዞ ይጠይቃል። ያ ካሜራ ግን አባንግ ጭን ላይ ነው...

በቀኝ፣ ሙሽሮቹ ሄዱ። ሰዉ ተበተነ። መሸ። ነጋ። ሦስቴ መሸ፣ ሦስቴ ነጋ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አምስት ደቂቃ እንኳ አልሄደም።

ከዚያ ምስሉ ላይ ፈላጊዎቹ ጀልባቸውን ሲጎትቱ ታዩ። አባንግ ከወንዝ ስትመጣ ያየቻቸው ናቸው። ምስሉ የዛሬ ነው።

"እዚያ ነው ያለው" አለች አባንግ። "ያንተን ቃል ይጠብቃል። በቃ በለው።"

ረታ ቴሌቪዥኑ ሥር ተንበረከከ። "በቃ፣ ኦሉም። በቃ ወንድሜ... ውጣ።"

ኦሉም ቀና አለ።

ሰምቷል። ወደ ዳር ዞሮ አንድ እርምጃ ተራመደ። ሌላ እርምጃ። ውሃው ከአንገቱ ወደ ደረቱ ወረደ። አባንግ መዳፏን የግራው ቴሌቪዥን መስታወት ላይ አድርጋ በራሷ ቋንቋ ትጠራው ጀመር። ረታም እያለቀሰ "በቃ፣ በቃ" ይላል።

በቀኝ በኩል፣ ሳይቸኩል፣ ያ ድምፅ መጣ።

"ገና ነው።"

ኦሉም ቆመ። ከሁለቱ ድምፅ እውነተኛው የመምህሩ የትኛው እንደሆነ ግራ የገባው መሰለ። ረታ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ...

ኦሉም እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ። ፊቱን አዙሮ ወደ ጥልቁ ሄደ። መጨረሻ የጠለቁት ካሜራውን የያዙት ሁለት እጆቹ ናቸው።