ቀድሞ ያበበው መጭ

አያቷ ኦቦ ደቻሳ ማሳው መሃል ድንገት ሲቆሙ፣ ላሊሴ ነገር እንደተበላሸ ገባት። ከሰበታ ወደ ተጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ኑጋቸው ገና እንቡጥ ነው። በወንዙ በኩል ያለው ጥግ ግን ከወዲሁ ቢጫ ለብሷል። አያቷ ጎንበስ ብለው አንዱን ቅጠል በጣታቸው አሹት።

«መጭ ነው» አሉ።

መጭ ኑግ መስሎ ኑግ መሃል የሚበቅል የዱር አበባ ነው። በለጋነታቸው የማያውቅ ሰው አይለያቸውም። የመጭ ቅጠል ግን ሲነኩት ይሻክራል። ላሊሴ ይህን የተማረችው ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ ዓይኗን ጨፍና ቅጠል በቅጠል እየዳሰሰች ነበር። አስተማሪዋም እኚሁ አያቷ ናቸው።

«ያረምሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ደግሞ መጭ አይሸውድሽም» አሉ። «እንግዲህ ታርሞም እንዲህ ከበዛ ጥፋቱ የዘሩ ነው። ጎጆ ስወጣ እናቴ የሰጠችኝ ዘር መጭ ገብቶበታል። የቀረውን ለዘይት መጭመቂያ ሰጥቼ ለከርሞ ከገበያ እገዛለሁ።»

ድምፃቸው ከዚህ በፊት እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም። ላሊሴ አንገቷን ደፋች። ጥጉን ያረመችው እሷ አይደለችማ።

ክረምት ላይ፣ አረሙ በደረሰበት ቅዳሜ፣ እሷ ጓደኛዋ ፀዲ ቤት ቲክቶክ ስትቀርጽ ነው የዋለችው። በእሷ ፈንታ ሌላዋ ጓደኛዋ ኤልሳቤት ሄደችላት። ኤልሳቤት ወላጆቿ ለፋብሪካ ሥራ ከወላይታ የመጡ ናቸው፤ ኑግ በዘይትነቱ እንጂ በቅጠሉ አታውቀውም። ማታ አያቷ «ጨረስሽ?» ሲሏት፣ ላሊሴ ዓይኗን ሳታሽ «አዎ» ብላለች።

አያቷ መጩን ባገኙ ማግስት፣ ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ኤልሳቤትን ከክፍሉ ጀርባ ያዘቻት።

«የቱን ነበር የነቀልሽው?»

«ቀጭን ቀጭኑን። ፈርጠም ያለውን ሰው የዘራው መስሎኝ ተውኩት። ምነው?»

ላሊሴ ነገረቻት። የኤልሳቤት ፊት ተለወጠ።

«አንቺ እኮ ‘መጩን ንቀይ’ ብለሽ ነው የሄድሽው። እኔ መጭ የት አውቃለሁ?» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «በቃ፣ ያበላሸችው ኤልሲ ናት በያቸው። እኔን ምን ያረጉኛል?»

«አታካብጂ» አለቻት ላሊሴ፤ ግን ሐሳቡ ቀኑን ሙሉ አልለቀቃትም። ቀላል ነበር። እውነትም ነበር፣ በግማሹ።

ማታ ቤት ስትደርስ ኦቦ ደቻሳ የዘሩን ቅል ከተሰቀለበት አውርደው በር አጠገብ አስቀምጠውታል። ነገ ገበያ ነው። ላሊሴ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም።

«አባባ፣ ዘሩን አይስጡት። ዘሩ ምንም አልሆነም። ያኔ እኔ አላረምኩም። ኤልሳቤትን ልኬ ፀዲ ቤት ሄጄ ነበር። የትኛው መጭ እንደሆነ እንኳ አላሳየኋትም።»

አያቷ ወደ እሷ ዞሩ።

«ያቺ ልጅ የነቀለችው ኑጉን ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ዘሩ ደህና ነው፤ የቀረው ማሳ ላይ መጭ የለማ።»

«የለም፣ አባባ።»

ኦቦ ደቻሳ ትንፋሻቸውን ለቀቁ፤ በርጩማው ላይ ቁጭ ብለው ይስቁ ጀመር። «እኔ ደግሞ በዘሩ ሰበብ በልቤ ከእናቴ ጋር ተጣልቼ ነው የዋልኩት» አሉ። ቅሉን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። «ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ አንቺን የምቆጣሽ ነገ ነው። ዛሬ ደስ ብሎኛል። መጩ ዘር ሳያረግፍ ግን ከዚያ ጥግ መጥፋት አለበት።»

ላሊሴም ያን ጊዜ ቦርሳዋን አወረደች። ትከሻዋን የቀለላት ቦርሳው ብቻ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ላሊሴና ኤልሳቤት ቢጫው ጥግ ውስጥ ቆሙ። የላሊሴ ስልክ ጠራ፤ ፀዲ ናት። ላሊሴ ድምፁን አጥፍታ ኪሷ ከተተችው።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አለቻት ኤልሳቤትን፤ በአንድ እጇ አንድ ቅጠል፣ በሌላው ሌላ ሰጠቻት። «መጩ የቱ ነው?»

ኤልሳቤት አሸቻቸው። «ቆይ… ይሄ ይሻክራል። ቶሎ በይ አትበይኝ እንጂ፣ ገና አልለየሁትም።»

«ቀስ በይ» አለች ላሊሴ። «ዛሬ የትም አልሄድም።»