ዘሃራ የላከቻቸው ካሴቶች

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ቀድሜ የምስቅ ሰው ነኝ፣ አብረውኝ የተማሩትን ጠይቃቸው፣ ሥራዬም ኮምፒውተር ነው፣ ኮምፒውተር ደግሞ ያዘዝከውን ብቻ ነው የሚሠራው፣ ሌላ ነገር ከሠራ የተሳሳትከው አንተ ነህ። ስለዚህ ይህን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እመነኝ፣ እስከ መጨረሻው እንኳ አልሰማውም ነበር።

ሮቤ የሄድኩት ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒውተር ላብ ቴክኒሽያን ሆኜ ተቀጥሬ ነው። አገሬ ሆሳዕና ነው፣ ሮቤ ዘመድ የለኝም፣ ኦሮምኛዬም ከሰላምታ አያልፍም ነበር። ሐጂ አማን የሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። እሳቸውም ብቻቸውን ናቸው፣ ባለቤታቸው ሞተዋል፣ አንዲት ልጃቸው ዘሃራ ጅዳ ሄዳ መጀመሪያ ላይ ድምፅዋን በካሴት እየቀዳች በሰው ትልክላቸው ነበር፣ ከዚያ ካሴቱም ወሬውም ቆመ። ስንት ዓመት ሆነው ብዬ አልጠየቅኳቸውም፣ ፊታቸውን ብታየው አንተም አትጠይቅም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትስቅብኝ። እናቴ የሞተችው እኔ ሮቤ ከመሄዴ በፊት ነው። ግን ሰው የሌላት እንዳልመስል ብዬ ማታ ማታ ስልኬን አጥፍቼ ጆሮዬ ላይ አደርግና «እማዬ፣ በላሽ ወይ?» እያልኩ አወራ ነበር። መጀመሪያ ለግቢው ጆሮ ብዬ ነው፣ እያደር ግን ለመድኩት፣ ካላወራሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይህን ለአንድም ሰው ተናግሬ አላውቅም።

በዚያ ሰሞን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ጭኜ የራሴን የሙዚቃ ሰርቨር ሠራሁ፣ ማለት ዘፈኖቼ ሁሉ እሱ ላይ ይቀመጣሉ፣ ኢንተርኔት ባይኖርም በግቢው ዋይፋይ ስልኬ ላይ እሰማቸዋለሁ። ዘፈኖቹ ያሉበትን ፎልደር አላይም ብሎ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ፈቃዱን ሳስተካክልለት እሺ አለ። ማን፣ ምን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሰማም ይመዘግባል። ሐጂ ይህን ስነግራቸው ገብተው በላስቲክ የተጠቀለሉ ሦስት ካሴቶች ይዘው ወጡ።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ይቺ ማሽንሽ የዘሃራን ድምፅ ትይዛለች?»

«ትይዛለች ሐጂ፣ ይስጡኝ።»

«ቴፑ እየበላብኝ ነው። ወላሂ፣ ድምፅዋም ካለቀ ምን ይቀረኛል?»

ቴፑን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ ሦስቱንም ቀዳሁ። ረጅም ሰላምታ ነው፣ የጎረቤቱን ሁሉ ስም ትጠራለች፣ ስለ ላሞቹ ትጠይቃለች፣ በመሃል ደረቅ ሳል ትስላለች። የመጨረሻው ሃያ ሰባት ደቂቃ ነው። በሐጂ ስልክም ከሰርቨሩ እንዲሰሙት አገናኝቼ የት እንደሚነኩ አሳየኋቸው፣ እሳቸውም መረቁኝ።

በሳምንቱ እሁድ የሰርቨሩን መዝገብ ስከፍት፣ የመጨረሻው ካሴት ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ተከፍቶ እስከ አስር ሰዓት ድረስ ሳይቋረጥ ተሰምቷል ይላል፣ ሳይደገም ማለቴ ነው፣ አንዴ ብቻ ተከፍቶ። ሃያ ሰባት ደቂቃ እንዴት ሦስት ሰዓት ይሆናል? ሰዓቱ ተዛብቶ ነው ብዬ አየሁት፣ ልክ ነው። ፋይሉን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። በማግስቱም ያው ሆነ።

ቧንቧው ጋ ልብስ ሳጥብ ሐጂ መጡ።

«ዘሃራ ሰላም ብላሻለች።»

ሳቅኩ፣ ለእሳቸው ደስ ይበላቸው ብዬ። «እኔም ሰላም ብያታለሁ ይበሉልኝ።»

«ታስብልሻለች። ያቺ ልጅ በጠፋ ስልክ ከማን ጋር ነው የምታወራው፣ አለችኝ።»

እጄ ሳሙናው ውስጥ ቀረ። ግድግዳው ስስ ነው፣ ድምፄን ሰምተው ይሆናል፣ እሺ፣ ግን ስልኩ መጥፋቱን ግድግዳ አይናገርም።

«ሐጂ… ካሴቱ ላይ ነው እንዲህ ያለችው?»

«ታዲያ የት ልትል ነው?» አሉኝ፣ እሳቸው ናቸው የተገረሙት።

ክፍሌ ገብቼ በሬን ዘግቼ ሃያ ሰባቱንም ደቂቃ ሰማሁ። ሰላምታ፣ ላሞች፣ ሳል፣ ከዚያ ቴፑ ቀጭ ብሎ ይቆማል። ካበቃም በኋላ ማዳመጫውን ከጆሮዬ አላወጣሁም። እውነቱን ልንገርህ፣ እስክትጠራኝ እየጠበቅኩ ነበር።

ከቀናት በኋላ የሐጂ ስልክ አልሞላ ብሎ አሠሪልኝ ብለው ሰጡኝ። ከሥራ ስመለስ አሠርቼው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ከተማው መብራት የለውም፣ የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ዱሮ የሞተ ስለሆነ ሰርቨሩ ጠፍቷል፣ ቴፑም በመብራት ብቻ ነው የሚሠራው፣ ይህን ልብ በልልኝ። ጉሙ ከመውረዱ የተነሳ ከመንገዱ የግቢያችን በር አይታይም። ስገባ ከሐጂ ቤት ድምፅ ሰማሁ፣ ሐጂ ያወራሉ፣ ዝም ይላሉ፣ «ኤዬ፣ ኤዬ» ይላሉ፣ አዎ አዎ ማለታቸው ነው፣ ይስቃሉ። ዝም ሲሉ ደግሞ ባዶ ካሴት ሲሽከረከር የሚሰማው ዓይነት «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አለ፣ በመሃሉ አንዲት ሴት ስትስል ሰማሁ። ያንን ሳል አውቀዋለሁ፣ የቀዳሁት እኔ ነኝ።

በሩን አላንኳኳሁም፣ እርጥብ ሣር ላይ በፕላስቲክ ጫማ ነው የቆምኩት፣ እርምጃዬም አይሰማም።

«ሰብለ» አሉ ሐጂ ከውስጥ። «ኮቱ፣ ነይ ግቢ ትላለች። ብርድ ላይ አትቁሚ ትላለች።»

ስልኩን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ፣ ያገኘሁት ታክሲ ውስጥ ገብቼ ጎባ ሄድኩ፣ አንድ የማላውቀው አልጋ ቤት ከነልብሴ አደርኩ። በማግስቱ ሐጂ እንደ ወትሮው ሰላም አሉኝ። ማታ ማታ ማውራቱንም ተውኩት።

ወር ሳይሞላ ሥራውን ለቀቅኩ። ላፕቶፑን እንዳለ ለሐጂ ተውኩላቸው፣ ማጥፋቱ አልሆነልኝም። ሻንጣዬን ባጃጁ ላይ ስጭን በር ድረስ ሸኙኝና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አስቀይሜያት ይሆን ወይ እያለች ነው፣ ምን ልበላት?» አሉኝ።

«ደህና ሁኑ» ብዬ ገባሁ። ሐጂን አንድም ቀን ከ«እርስዎ» ውጪ ጠርቼያቸው አላውቅም፣ «ደህና ይሁኑ» ነበር ማለት የነበረብኝ። ለሁለት ሰው መናገሬ የታወቀኝ መናኸሪያ ደርሼ ነው።