«ልየው» ያለችኝ ሴት

ግሌንዳን መጀመሪያ ያየኋት ልወድቅ ስል ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ወድቄም ነው።

በሐይቅ ዳር ባለችው በረዷማ ተንደር ቤይ ከተማ፣ በማገገሚያው አዳራሽ ውስጥ፣ በሁለት የብረት መደገፊያዎች መሃል ቆሜ በአዲሱ ሰው ሠራሽ እግሬ መራመድ እማራለሁ። እማራለሁ ያልኩት በትሕትና ነው። በዚያ አዳራሽ ከኔ በፊት እንደኔ ተውቦ የቆመ ሰው የለም፤ ወደፊትም አይኖርም! እሷ በበሩ ገባች። የግራ እግሯ እንደኔው ሰው ሠራሽ ነው። ሁለት ስኒ ቡና ይዛ፣ አንዲት ጠብታ ሳታፈስ፣ ሽው ብላ አለፈች።

ልታየኝ ይገባል ብዬ ብረቱን ለቀቅኩት።

መቶ አሥር ኪሎዬን ይዤ መራመድ በምታለማምደኝ ባለሙያ፣ በምስኪኗ ትሩዲ ላይ ተከመርኩባት።

«ጌታው፣ ሴት ባየህ ቁጥር እንዲህ ነው የምትዘረጋው?» አለች ግሌንዳ፣ ቡናዋን ፉት እያለች።

«ለምርጦች ብቻ ነው!»

«በል ትሩዲን አትጨርስብን። ሌላ የለንም።»

ሬይኖ እባላለሁ፤ ያኔ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አከርካሪዬ ሳይገጥም ነው የተወለድኩት፤ ስፓይና ቢፊዳ ይሉታል። ከጉልበቴ በታች እሳትም፣ ምስማርም አይሰማኝም። የዚያን ዓመት ሳውና፣ የእንፋሎት ክፍል፣ ገብቼ፣ እግሬን ምድጃው ላይ አስደግፌ፣ ስለያዝኩት ዓሣ ሳወራ (ዓሣው ጀልባዬን ያህል ነበር፣ እምላለሁ) የጥብስ ሽታ ሸተተኝ። «ማነው ሥጋ የሚጠብሰው?» አልኩ። የሚጠበሰው የኔው ተረከዝ ነበር። ቁስሉ አጥንት ደረሰና እግሬ ከጉልበቴ በታች ተቆረጠ።

የግሌንዳም አከርካሪ እንደኔው ነው። እግሯን ካጣች ስምንት ዓመት ሆኗት ነበር። ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች። ዓርብ ዓርብ እግሯን ልታስተካክል ስትመጣ፣ ሮዝ ክሬም የተቀባ ኬክ ይዤ እጠብቃታለሁ።

«ስማ ሬይኖ፣ የኛ ሥጋ ሲቆስል አይጮኽም። እግርህን አንድ ሰዓት ታጠልቃለህ፣ ታወልቃለህ፣ ጉማጁን ከኋላ በመስታወት ታየዋለህ። ገባህ?»

«እኔና መስታወት የቆየ ፍቅር አለን።»

«ፊትህን አላልኩም!»

እንዲህ ስንሳሳቅ እንውላለን። ቤቴ ስገባ ግን ለቀልዴ የሚመልስልኝ የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኳስና ዳንስ ባለበት ክበብ ጋበዝኳት። ያማርኩትን ማማር እኔ ብናገር አታምኑኝም። ችግሩ፣ እግሩን ያጠለቅኩት ከማለዳ ጀምሮ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር እንድታየኝ አልፈለግኩም። ምንም አላመመኝም... እኛን ደግሞ የሚገድለን አለማመሙ ነው።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጠጋ ብላ፣ «ካጠለቅከው ስንት ሰዓት ሆነህ?» አለችኝ።

«አሁን ነው።»

«ዋሸህ። ና፣ ጓዳ እንግባና ልየው።»

ያንን ጉማጅ ከሐኪም በቀር ማንም አይቶት አያውቅም። ፊቴ ጋለ።

«ዳንስ ነው የጠራሁሽ! ነርስ አልፈልግም!»

ኮቷን አነሳችና ወጣች።

ቤት ገብቼ ሳወልቀው ካልሲው በደም ርሷል። ሐኪሙ አየውና፣ «ይህ ካልዳነ ጉልበትህም ይሄዳል። በዚህ ዕድሜና በዚህ አከርካሪ ያለ ጉልበት መራመድ ደግሞ ዘበት ነው» አለኝ። እስኪድን ሰው ሠራሹን እግር እንዳልነካው አዘዘ።

ለግሌንዳ መልእክት ላክሁላት፤ «ፍሎሪዳ ነኝ፤ ፀሐይ አማረኝ።»

«መልካም ዕረፍት» ብላ መለሰች። በቃ፣ ይህንኑ ብቻ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የኔው ግን እያደር ከበደኝ። ስድስት ሳምንት ከመስኮት ወደ ማቀዝቀዣ፣ ከማቀዝቀዣ ወደ መስኮት። የቆርቆሮ ሾርባ። እግሬ ጫማውን እንዳደረገ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ሊሄድ የተነሳ እንግዳ ይመስላል። አንድ ጠዋት «እንዴት አደርክ?» አልኩት። ብዙ ነገር አጋንናለሁ፤ የዚያን ቤት ጭርታ ግን ማጋነን አልችልም።

በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ደወልኩላት።

«ግሌንዳ...»

«ፍሎሪዳ እንዴት ናት?»

«ፍሎሪዳ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ። መኪናህ በረዶ እንደተከመረባት ቆማለች። ከሥራ ስመለስ በደጅህ ነው የማልፈው። አንድ ቀን መስኮቱ ላይ አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልገባሽም?»

«ነርስ አልፈልግም ያልከው አንተ ነህ።»

«ይቅር በይኝ። ቁስሉ በስተኋላ ነው። መስታወቱን ስይዝ እጄ እየተንቀጠቀጠ ማየት አቃተኝ። ይዳን፣ ይባስ አላውቅም። ፈርቻለሁ ግሌንዳ... ነይ እይልኝ።»

መጣች። በረዶውን ከትከሻዋ አራግፋ፣ ኮቷን ወንበር ላይ ጥላ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ፋሻውን ቀስ ብላ ፈታችው። ቁስሉን ደጋግማ አየችው።

«ተናገሪ እንጂ ሴትዮ! ልትገድይኝ ነው?»

«እየገጠመ ነው። ዳር ዳሩ አዲስ ቆዳ አውጥቷል። ጉልበትህ የትም አይሄድም።»

ሐኪሙም ሰኞ ዕለት ያንኑ ነገረኝ። እኔ ግን ያለቀስኩት ያኔውኑ ነው፤ የሐይቁ ማዶ ሰዎች ሳይሰሙኝ አልቀሩም።

እስክጨርስ ጠበቀችኝና፣ «አሁን ተራዬ ነው» አለች።

«የምን ተራ?»

እግሯን አወለቀች።

«ያን ቀን ልየው ያልኩህ ነርስ ልሆንህ አይደለም፣ ሞኙ። አንተን ካየሁ በኋላ አንተም እየኝ ልልህ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ከሐኪምና ከመስታወት በቀር ያየኝ የለም... እስቲ ሰው ይየኝ።»

ጎንበስ ብዬ አየኋት።

«ከጉልበትሽ ሥር ቀይ ነገር አለ» አልኳት። «የምስር ፍሬ ታክላለች።»

«አላጋነንክም?»

«አላጋነንኩም።»

እንዲህ ያለ ቅላት በሃያ ደቂቃ ካልጠፋ እግር አይጠለቅም፤ ሕጋችን ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሰዓት እያየን ጠበቅን። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ጠፋ።

እሷ ግን እግሯን አላጠለቀችም፤ ኮቷንም አላነሳችም። ይኸው አራት ዓመታችን።