ይበልጣል «እሺ» ያለው ጥሪ

እኔ እንደሆንኩ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፤ ጎንደር አራዳ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እየጠገንኩ ነው የምኖረው፣ ድምፅ ማለት ለእኔ ወይ ከስፒከር ይመጣል ወይ ከሰው ጉሮሮ ይወጣል፣ ሦስተኛ መንገድ የለውም። ጓደኞቼ ስለ ጂንና ስለ ዛር ሲያወሩ «ገመዱ ላልቶ ነው» እያልኩ የማበሽቃቸው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ይሄን ስትሰሙ «ጀማልን ነካ አድርጎታል» እንዳትሉ፣ ወላሂ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

አብሮ አደጌ ይበልጣል ሠርጉ ደርሶ ነበር፣ አንደኛ ሚዜው ደግሞ እኔ ነኝ። አዎ፣ እሱ ክርስቲያን እኔ እስላም፣ ጎንደር ውስጥ ይሄ ማንንም አይገርምም። የከተማው ሙሽራ ሁሉ ፎቶ የሚነሳው የነገሥታቱ ግቢ ውስጥ ነው፣ ይበልጣል ግን «ሌላ ሙሽራ ያልረገጠው ቦታ ካልሆነ አልነሳም!» ብሎ ድርቅ አለ። አንድ ቀን ከሰዓት የአጎቴን ማኪና ለምኜ በአዘዞ በኩል ወጣንና፣ የግንብ ፍርስራሽና ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት አሉባት ወደተባለች መንደር ሄድን። ስሟን አልነግራችሁም፣ ነገ ተንጋግታችሁ እንዳትሄዱ።

እንዴት ያለች መንደር መሰለቻችሁ! ጥዱ፣ ወይራው፣ የገብሱ ተዳፋት፣ ከላይ ደግሞ ያ ግንብ ግማሽ ጎኑ ተንዶ፣ ግማሹ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይበልጣል እንደ ሕፃን ዘለለ፣ እኔም አብሬው ዘለልኩ፣ ምን አሳፍሮኝ! አያ መኳንንት የሚባሉ ገበሬ በሬዎቻቸውን አስረው «ኑ ላሳያችሁ» ብለው ይዘውን ወጡ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ ግን ሊሳለሙ ቆሙ፣ እኛ ቸኩለን ወደ ግንቡ ቀደምናቸው።

በሩ ጋ ስንደርስ ከውስጥ ሙቀጫ ይሰማል። ዱም፣ ዱም። ወዲያው የበርበሬ ሽታ ሰነፈጠኝና አስነጠሰኝ፣ እመኑኝ፣ እንባዬ እስኪመጣ ነው ያስነጠሰኝ። ሰው ይኖርበታል ማለት ነው ብለን አሰብን፣ ሰው ያለበት ቤት ደግሞ ዘው ተብሎ አይገባም። ይበልጣል ጉሮሮውን ጠርጎ «ቤቶች!» አለ።

«ደጆች!» አለች አንዲት አሮጊት ከውስጥ፣ ሙቀጫውም ቆመ። «ማን ልበል?»

«ይበልጣል ነኝ፣ እማማ! ግንቡን ለማየት ነው።»

«ሙሽራው! ልታገባ ነው ሲሉ ሰምተን ደስ ብሎናል እኮ፣ ልጄ። ዛሬ ቤቱ አልተሰናዳም። ሠርጉ ሲያልፍ ሙሽራይቱን ይዘሃት ና፣ እደግስላችኋለሁ። ሚዜህም እንዳይቀር። እስላም ነው አይደል? ለሱ የሚያርድለት ከወገኑ አለን።»

እኔ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፣ ማስነጠስ ደግሞ ሃይማኖት የለውም! ይበልጣልን አየሁት፣ ፊቱ በደስታ በርቷል። ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ የኛ አገር ሰው አሮጊት ጠርታው እምቢ ማለት አልተፈጠረበትም፣ ባይሄድም «እሺ» ይላል።

«እሺ እማማ፣ እንመጣለን!» አላት።

 እኔ አንገቴን አስግጌ ወደ ውስጥ አየሁ። ጣሪያ የለ፣ የኋላው ግድግዳ የለ፣ ከበሩ እስከ ገብሱ ማሳ ድረስ ባዶ ነው፣ አይጥ እንኳን የምትደበቅበት ቦታ የለም። መሬቱ ግን እንግዳ እንደሚጠበቅበት ቤት ንጹህ ሆኖ ተጠርጓል፣ አቧራ እንዳያስነሳም ውሃ ተረጭቶበታል። በእጄ ነካሁት፣ እርጥብ ነው። ልቤ ከበሮ ሆነ፣ ግን ታምኑኛላችሁ፣ ፍርሃቱ ብቻ አልነበረም፣ እልል በል እልል በል የሚል ነገርም ነበረበት።

አያ መኳንንት ሲደርሱ የሆነውን ነገርናቸው። የጠራችን ማን እንደሆነች አልጠየቁም፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«አንተ ምን አልካት?»

«እሺ ነዋ፣ አያ።»

«ምነው! ምነው እሺ አልክ፣ ልጄ! እኛ ስትጠራን ‘ቤትሽ ይሙላ’ ብለን እናልፋለን እንጂ፣ እሺ ያለ ሰው የለም። ደግሳ ብትጠብቅህስ?»

«ማን ናት?» አልኳቸው።

«እኔ ምኑን አውቄ» አሉና ወደ ማኪናችን እየገፉ ሸኙን።

ሠርጉ ሸጋ ሆኖ አለፈ፣ ጨፈርን፣ እኔም ድምፄ ተዘጋ። አሁን የጥሪው ወቅት ነው፣ ሙሽሮቹን ዛሬ አክስት ነገ አጎት ይጠራቸዋል፣ ሚዜ ደግሞ አብሮ መዞር ግዴታው ነው። ትናንት ይበልጣል ሱቄ መጣና «ቅዳሜ ክፍት ነው፣ የግንቧ እማማ ዘንድ እንሂድ» አለኝ።

«አብደሃል?»

«እሺ ብያታለሁ እኮ፣ ጀማል። ደግሶ የሚጠብቅ ሰው ይቀርበታል እንዴ?» ሲለኝ ቀልድ የለውም። ለሚስቱ ለትዕግስት «የአባቴ አክስት ናት» ብሏታል፣ ምስኪን፣ ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሱ የራሱ ጉዳይ፣ ልጅቷ ግን ሳታውቅ መሄድ የለባትም ብዬ ቆረጥኩ፣ ጠዋት ልደውልላት ስልኬን ሳነሳ እሷ ቀደመችኝ።

«ጀማልዬ፣ የቅዳሜዋን ሴትዮ አንተም ታውቃታለህ አሉ» አለች በደስታ፣ «ባዶ እጅ አይኬድም፣ ምን ብይዝላት ደስ ይላታል?»

አፌን የከፈትኩት «እንዳትሄጂ» ልላት ነው፣ በአላህ ስም እምላለሁ፣ ከጉሮሮዬ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ነጭ ማር ያዢላት» አልኳት፣ «ከልጅነቷ ጀምሮ ነፍሷ ነው።»