ብርዝ የጠጣችው ወፍ

አደራ በላ ተብያለሁ። በስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ የሰው መርፌ እንኳ ተውሼ ሳልመልስ አድሬ የማላውቀውን ሴት፣ የጎረቤቴ ልጅ ማርኮ በአንድ አፉ ሁለት ክስ ከሰሰኝ፤ አንደኛ «ያልሻት ወፍ እዚህ አገር የለችም» አለኝ፣ ሁለተኛ «ገደልሻት» አለኝ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፣ የሌለች ወፍ እንዴት ትገደላለች? ይህ በደል ተጽፎ ይቀመጥልኝ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት፣ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነውና ፊደሌ ቢዘባረቅ ይቅር በሉኝ።

ከሁሉ በፊት ግን እወቁልኝ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ጉጉት ጮኸ ብዬ መንገድ አልሰረዝኩም፣ ክፉ ህልም ያየሁ እንደሆነም «ማታ ምን በላሁ?» ነው የምለው።

የምኖረው በሰው አገር፣ ሪችፊልድ በምትባል ከተማ፣ ከልጄና ከልጅ ልጄ ከሊዲያ ጋር ነው። የእኛን በረንዳና የወይዘሮ ሉስን በረንዳ የሚለየው አንድ የብረት አጥር ነው፣ እሷ የኢኳዶር ሰው ናት፣ እኔ የሷን ቋንቋ አልችል፣ እሷ የኔን አትችል፣ ግን ሊዲያ፣ ያቺ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ የምትመልሰኝ፣ ትምህርት ቤት ስፓኒሽ ስለተማረች መሃላችን ቆማ ታስተረጉምልናለች። ወይዘሮ ሉስ አጥሩ ላይ ቀይ ጠርሙስ ሰቅላ የስኳር ውሃ ትሞላለች፣ ሃሚንግበርድ ለሚሏት፣ አየር ላይ ቆማ ክንፏን እያርገበገበች አበባ ለምትመጠው ትንሽ ወፍ ነው። ሳሎኗ ውስጥ ደግሞ የአገሯ ወፍ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከአውራ ጣት የማትበልጥ፣ አረንጓዴ፣ እግሯ ላይ ነጭ ጥጥ የጠመጠመች የምትመስል፣ ጅራቷ እንደ ሁለት ማንኪያ የተንጠለጠለ። «ይቺ ከእኛ ተራራ አትወጣም» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ጉሙ ቀኑን ሙሉ የማይገለጥበት ጫካ ነው፣ ከዛፉ ቅርንጫፍ ሁሉ ሽበት ይንጠለጠላል።» ጉም የማይለየው የጎሬ ጫካ ልጅ ነኝ፣ የዛፍ ሽበት ስትል ቅርንጫፍ ላይ እንደ ጢም የሚንጠለጠለውን ነጣ ያለ ነገር ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

ጥቅምት ላይ ለልቧ ኦፕራሲዮን ሆስፒታል ልትገባ ስትል መጥታ ጠርሙሱን በሁለት እጄ አስያዘችኝ። የዚህ አገር ወፎች ብርዱን ሽሽት ከሄዱ ሰንብተዋል፣ «ለማን ነው ታዲያ?» ብላት «የዘገየ መንገደኛ አይጠፋም፣ አደራ» አለች።

በገባች በማግስቱ ጠዋት በረንዳው ላይ ድምፅ ሰማሁ፣ እንዝርት ሲሾር ያለ ድምፅ፣ ወጥቼ ባይ ምንም የለም። በሁለተኛውም ጠዋት እንደዚያው፣ ግን ውሃው አንድ ጣት ያህል ጎድሏል። ነፋስ ነው አልኩ፣ ነፋስ ግን ስኳር አይጠጣም። በሦስተኛው፣ እሷ ኦፕራሲዮን በምትገባበት ጠዋት፣ አመዳይ ወርዶ አጥሩ ነጭ ሆኗል፣ «በዚህ ብርድ ለሚመጣ እንግዳ የስኳር ውሃ ይቀርባል?» ብዬ ራሴን ተቆጣሁና፣ እህቴ የላከችልኝን የግራዋ ማር በጥብጬ ጠርሙሱን ብርዝ ሞላሁት፣ የግራዋ ማር ታውቁት እንደሆነ ይጣፍጥና መጨረሻው ላይ መረር ይላል። ገና ፊቴን ሳላዞር እንዝርቱ ጆሮዬ ሥር ሾረ። እመኑኝ፣ ፎቶው ላይ ያለችው ናት! ያ ጥጥ እግሯ፣ ያ ሁለት ማንኪያዋ። ጠጣች፣ ጠጣች፣ ከዚያ አጥሩ ላይ አርፋ ላባዋን ነፋች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ስነካት እንደ ጠጠር ቀዝቅዛለች።

አለቀስኩ፣ አልዋሽም። ከነጠላዬ ጫፍ ቀድጄ ጠቀለልኳት፣ የሻይ ካርቶን ውስጥ አስተኝቼ በክር ሦስት ጊዜ ቋጠርኩት፤ ባለአደራ የተሰጠው ነገር ቢበላሽ ያሳያል እንጂ አይደብቅም።

ከሰዓት በኋላ ማርኮ የእናቱን ልብስ ሊወስድ መጣ፣ ዓይኑ ቀልቷል። ወደ ቤት አስገብቼ፣ ሊዲያን አቁሜ፣ ፎቶው ላይ ያለችው ወፍ መጥታ የማር ብርዝ ጠጥታ መሞቷን ነገርኩት።

«ማር?» ብሎ ጮኸ። «ማር እኮ ይገድላቸዋል! ደግሞ ያቺ ወፍ እዚህ አገር የለችም! ገደልሻት!»

«የትኛው ነው፣ ልጄ? አልነበረችም ወይስ ገደልኳት? አንዱን ምረጥ።»

«እማማ፣ ስቶፕ፣ ፕሊስ» አለች ሊዲያ እጄን ይዛ።

ካርቶኑን አመጣሁ፣ ሦስቱም ቋጠሮ እንዳሰርኩት ነው፣ እሱ እያየ ክሩን በመቀስ ቆርጬ ከፈትኩት። ወፍ የለችም። ጨርቁ ጉም ውስጥ ያደረ ይመስል ረጥቧል፣ መሃሉ ላይ ቁንጥር የዛፍ ሽበት አለ። እስቲ ሪችፊልድ ውስጥ ሽበት ያወጣ ዛፍ አሳዩኝ! ማርኮ በራሱ ቋንቋ የሆነ ነገር ብሎ በሩን ዘግቶ ወጣ፣ ሊዲያ አልተረጉምም አለች፣ ስለምናት ስለምናት «አደራ አይሰጣትም ነው ያለው» አለችኝ።

ወይዘሮ ሉስ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰች፣ በረንዳ ግን አልወጣችም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ መጋረጃዋ ዝግ ነው። ልጇ እንደፈለገ ይበለኝ፣ እሷ ግን በልቧ ይዛብኝ መኖር የለባትም ብዬ፣ በሦስተኛው ቀን ሊዲያንና ሽበቱን ይዤ በሯን አንኳኳሁ። ሶፋ ላይ ጋደም ብላለች፣ ከስታለች። ሁሉንም ነገርኳት፣ ስለ ማሩም፣ የምን ማር እንደሆነ ግን እንደ ልጇ ሁሉ ለሷም አላነሳሁም፣ ማን ግራዋ ያውቅልኛል ብዬ።

«ገድያት እንደሆነ ገደልሽ በይኝ፣ አልነበረችም ካልሽም እሺ፣ ሁለቱን ግን አልሸከምም» አልኳት።

ሽበቱን አንስታ አሸተተችው። «እንደ ጠጠር ቀዝቅዛ ነበር?» አለች።

«እንደ ጠጠር።»

«በእኛ ተራራ ሌሊቱ ሲበርድ እንዲያ ይሆናሉ፣ የሞቱ ይመስላሉ፣ ጠዋት ይነሳሉ። አልገደልሻትም።»

«እሺ፣ ከተቋጠረ ካርቶን በየት ወጣች?»

ማርኮ ከኩሽና ወጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ወይዘሮ ሉስ እጄን ያዘችና ቀስ ብላ ተናገረች፣ ሊዲያ ሰማቻትና ወደ እኔ ዞረች።

«ምን አለች? ንገሪኝ እንጂ!»

«ኦፕራሲዮን የሆንኩ ቀን አልነቃ ብያቸው ነበር አለች። ሰውነቴ ሁሉ ቀዝቅዞ፣ ማርኮ ሞተች ብሎ ነበር አለች። ከሰዓት በኋላ ስነቃ ነርሷ ውሃ ልትሰጠኝ ስትል አልጠማኝም አልኩ፣ አፌ ውስጥ የሆነ ጣዕም ነበር አለች፣ ጣፋጭ፣ መጨረሻው ላይ ግን መረር የሚል።»