ወደ ኋላ የዞረው ሞተር

ወንድሟን ብትጠይቁት፣ መምህሩ የመኪናዋን ማሞቂያ ያበላሸው ሆን ብሎ ነው። «ሲያዩት ጨዋ ይመስላል እንጂ ተንኮሉ ውስጥ ውስጡን ነው» ይላል። «የማራገቢያ ሞተር ተገዝቶ፣ ተገጥሞ፣ እየዞረ አየር አልሰጥም የሚለው በምን ተአምር ነው? መስታወቱ ጉም እየለበሰባት ያን ሁሉ ተራራ እንደማትወጣ ያውቃል። እንዳትሄድበት ነው!»

እናቷን ብትጠይቋቸው ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። «እንዳትሄድ የፈለገ ሰው እንዲያ ይጣደፋል?» ይላሉ። «በመስኮት ሳየው ነበር። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ቶሎ ጨርሶ ሊገላገላት ነው። የችኮላ ሥራ ደግሞ ይኸው፣ እንዲህ ያዋርዳል።»

ሁለቱም ያዩት አንድ ቀን፣ አንድ ሰው፣ አንድ መኪና ነው። እሷ ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ ቅርብ ነበረች፤ በስልኳ ስታበራለት የነበረችው እሷ ናት። ያም ሆኖ ማንኛቸው ልክ እንደሆኑ ልትለይ አልቻለችም። ወንድሟ ሲናገር እሱን ታምናለች፤ እናቷ ሲናገሩ እሳቸውን። ብቻዋን ስትሆን ደግሞ ማንንም አታምንም።

አዋላጅ ናት። ከተራራው ማዶ ያለ ጤና ጣቢያ ቀጥሯታል፤ ከተማሪነቷ ጀምሮ ስትመኘው የኖረችው ሥራ ነው። ቅዳሜ መንገድ ትጀምራለች። ከአባቷ የወረሰቻት አሮጌ መኪና እዚያ ከመንደር መንደር ምጥ የያዛቸውን ሴቶች የምትደርስባት እግሯ ናት። አገሩ ብርዳም ነው፤ ያለ ማሞቂያ የፊት መስታወቱ ጉም ስለሚለብስ ንጋት ላይ መንዳት በጭፍን መሄድ ነው።

መምህሩ የጓሮ ክፍላቸውን የተከራየ የሂሳብ አስተማሪ ነው። የተዋወቁትም በዚህችው መኪና ምክንያት ነው። ዝናብ ሲጥል ባደረበት አንድ ጠዋት፣ ማሞቂያዋ ከተበላሸ ቆይቶ ስለነበር መስታወቱ ደብዝዞባት ከግቢ ስትወጣ ልትገጨው ምንም አልቀራትም። አልጮኸባትም። የአንገት ልብሱን ፈትቶ መስታወቱን ጠረገና፣ «አሁንስ እታይሻለሁ?» አላት።

ታይቷት ነበር። እንዲያውም ከዚያን ቀን ወዲህ ከእሱ ሌላ የሚታያት ጠፋ። ጠዋት ጠዋት እስከ ትምህርት ቤቱ መታጠፊያ ታደርሰው ጀመር። እሱ ተማሪዎቹ የጻፉትን አስቂኝ መልስ ይነግራታል፤ እሷ ምጥ ላይ ያለች ሚስቱን ሊያጽናና ገብቶ ራሱ ስለወደቀው ባል ታወራለታለች። ሁሉን ያወራሉ፤ ስለ ራሳቸው ግን አንድም ቀን ትንፍሽ አላሉም።

ሥራውን ማግኘቷን በነገረችው ጠዋት መታጠፊያው ጋ ቆማ ሳለች እሱ አልወረደም። ጉልበቱ ላይ ያለውን ቦርሳ ሲያይ ቆየ።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለ በመጨረሻ። «ማሞቂያውን ግን እንዲህ ይዘሽ አትሄጂም። ሞተሩን እኔ እቀይርልሻለሁ።»

«ትችላለህ?»

«አልችልም። አንብቤ እደርስበታለሁ።»

ይህ እንድትቀር የሚወድ ሰው ንግግር ነው ወይስ የሚሸኛት ሰው? ቀኑን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ዋለች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ሥራ ጀመሩ። የማሞቂያው ሞተር ያለው ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ከጎን የሚቀመጥ ሰው እግሩን ከሚዘረጋበት በላይ ነው። መምህሩ የባትሪውን ገመድ ነቀለ፣ የዳሽቦርዱን መሳቢያ ፈታ፤ ከዚያ ሌላ መግቢያ ሲያጣ እግሩን በወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቅሎ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ ቁልቁል ተዘቀዘቀ። እሷ በሹፌሩ ወንበር ሆና ጎንበስ ብላ አበራችለት። ካቻቢቴ ሲጠይቅ ካቻቢቴ ታቀብለዋለች፣ ያወለቀውን ብሎን በመዳፏ ትቀበለዋለች።

የመጨረሻው ብሎን ሲወልቅ አሮጌው ሞተር፣ ትንሽ ከበሮ ከሚመስለው ማራገቢያው ጋር፣ ከነደረቀ ቅጠሉና ከነአቧራው ደረቱ ላይ ዘጭ አለ።

«ምጡ ቀላል ነበር» አለች።

«ወንድ ነው ሴት?» አለ እያሳለው።

«ሽማግሌ ነው።»

ሳቁ መኪናዋን አነቃነቃት። በመስኮት ይመለከቱ የነበሩት እናቷ ይህን ሳቅ እንዴት እንዳላዩት እስካሁን ይገርማታል።

ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የተገዛው ሞተር ግን ሶኬቱ ከመኪናው ጋር አልገጥም አለ። ሽቦዎቹን ቆርጦ መቀጠል ግድ ሆነ። ሁለቱም ሽቦ ከዕድሜ ብዛት ጠቁሮ አይለይም። ሞተሩ ላይ ያለው የመደመር ምልክት ደግሞ ለእሱ አይታየውም፤ ለእሷ ነው የሚታያት።

«መደመሩ በየት በኩል ነው?»

«በግራ።»

በስልኳ ብርሃን ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። የተገለበጠ ፊት ላይ ያለ ዓይን ምን እንደሚል ማን ያውቃል? ሊናገር ከንፈሩን አላቀቀ፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ሽቦውን በናስትሮ ጥምጥም፣ ጥምጥም አደረገውና ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚያሳድደው ያለ ይመስል ተጣደፈ።

መኪናዋ ስትነሳ ማሞቂያው «ውውው» አለ፤ ከቀዳዳው የሚወጣው አየር ግን የተኛ ሕፃን ትንፋሽ ያህል ነበር። መስታወቱ ጉሙን እንደለበሰ ቀረ። ወንድሟ በረንዳ ላይ ሆኖ ሳቀ። መምህሩ እጁን ሳይታጠብ ወደ ክፍሉ ገባ።

ሰኞ ከሥራ ስትመለስ ቤት አልገባችም። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ እሱ እንዳደረገው እግሯን በመደገፊያው ላይ ሰቅላ ተዘቀዘቀች። ደም ወደ ጭንቅላቷ ወረደ። ቀና ብላ ሞተሩን ስታየው ግራና ቀኙ ተለዋውጧል።

«ምን እየሆንሽ ነው?» አለ ከበሩ በኩል። ከትምህርት ቤት መመለሱ ነበር።

«አንተ በነበርክበት ሆኜ እያየሁ ነው። ትናንት ‹በግራ› ስልህ የማንን ግራ መሰለህ?»

«የአንቺን። ቀጥ ብለሽ የተቀመጥሽው አንቺ ነሻ! ስለዚህ ገልብጬ ገጠምኩት።»

«እኔ እኮ ቁልቁል ተዘቅዝቀህ እንዳትቸገር ብዬ በአንተ በኩል ነው የነገርኩህ። ገልብጬልህ ነበር!»

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት፤ ተዘቅዝቃ መሳቅ እንደሚያንቅ ያወቀችውም ያኔ ነው።

«ስለዚህ ወደ ኋላ ነው የሚዞረው» አለ። «ቢዞርም አየሩን አይገፋውም። በሁለታችን ጨዋነት።»

ሽቦዎቹን አቀያየሩ። መኪናዋ ስትነሳ ንፋሱ ከነአቧራው ፊታቸው ላይ ቦነነ፤ አንድ ደረቅ ቅጠል ፀጉሯ ላይ አረፈ። ጥቂት ቆይቶ ሙቀቱ መጣ። መስታወቱ ከታች ወደ ላይ እየጠራ ሄደ።

መምህሩ ቅጠሉን ሊያነሳላት እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። «ይኸው። ቅዳሜ ያለ ሐሳብ ትሄጃለሽ።»

ቅጠሉን ራሷ ከፀጉሯ አንስታ ጣለችው። «ወንድሜ እንዳልሄድ ብለህ ያበላሸኸው ነው ይላል። እማዬ ልትገላገለኝ ቸኩለህ ነው ትላለች። እኔ ማንን ልመን?»

ካቻቢቴውን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ፤ ከጠራም በኋላ መጥረጉን አልተወም።

«ሆን ብዬ አላበላሸሁም» አለ። «ግን አየሩ ሲደክም ደስ አለኝ። አፍሬ ነው የሸሸሁት። እትዬም አልተሳሳቱም፤ ቸኩያለሁ። ጥቂት ብቆይ ‹አትሂጂ› ብዬ መለመኔ አይቀርም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልለመንከኝም?»

«መሄድ ትፈልጊያለሻ። መንገድሽ ላይ መቆም አልፈለግኩም።»

«እኔ ደግሞ ‹እንኳን ደስ አለሽ› ስትለኝ፣ ደስ ብሎታል፣ በነገር አላስጨንቀው ብዬ ዝም አልኩ። አየህ? አንተ ለእኔ ታስባለህ፣ እኔ ለአንተ አስባለሁ፣ ስለ ራሱ የሚናገር ጠፋ። አንዴ እንኳ ስለ ራስህ ንገረኝ።»

ካቻቢቴውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ማሞቂያው በመካከላቸው ይነፍሳል።

«እወድሻለሁ» አለ። «ብትቀሪ ደስ ይለኛል። ብትሄጂ እከተልሻለሁ፤ እዚያም ሂሳብ የሚከብዳቸው ልጆች አይጠፉም። የትኛው ለአንቺ እንደሚሻል ግን አላውቅም። ምሽቱን ሙሉ አሰላሁት፣ መልስ የለውም።»

«እኔም አላውቅም» አለች። እውነቷን ነበር። አታውቅም። የምታውቀው ያ የሰበሰበው እጅ እንዳይርቅ መፈለጓን ብቻ ነው። እጁን ያዘችው፤ ጥቁር ቅባቱ ወደ እሷም ተላለፈ።

የመኪናዋን ድምፅ ሰምተው እናቷና ወንድሟ ከቤት ወጡ። ወንድሟ እጁን ከቀዳዳው ፊት ዘርግቶ ሙቀቱን ሲያገኘው ዓይኑ ፈጠጠ። «ሠራ እንዴ? ታዲያ ትናንት ምን ሆኖ ነው?»

«ተግባብተን ሳንግባባ ቀርተን ነው፣ ወንድም ጋሼ» አለች።

«ይኼ ደግሞ ምን ማለት ነው?»

እናቷ ግን መኪናውን አላዩም። የሚያዩት ሁለቱን እጆች ነበር። «አንቺ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ምንድን ነው የማየው? ሥራውስ?»

መምህሩ እጁን ሊያላቅቅ ሞከረ፤ አለቀቀችውም። የት እንደሚኖሩ፣ ለእሱ ሥራ ይገኝ አይገኝ፣ ጤና ጣቢያው ይጠብቃት አይጠብቃት፣ አንዱንም አታውቅም።

«ቅዳሜ አልሄድም፣ እማዬ» አለች። «ዛሬውኑ ደውዬ ጥቂት ቀን እንዲጠብቁኝ እለምናቸዋለሁ። ሥራውን ግን አልተወውም።»

«ጥቂት ቀን ምን ልታደርጊበት?» አለ ወንድሟ።

መጀመሪያ ወደ መምህሩ ዞረች፤ እሱ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እሱን አግብቼ ነው የምሄደው።»